የሬሳ አበባ፦ በእጅ ማዳቀል ዝርያውን ያተርፈዋል?

የሬሳ አበባ በዕፅዋት ማዕከላት እየበዛ፣ በትውልድ ደኑ ግን እየመነመነ የመጣ ተክል ነው። በኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት ካልሆነ በቀር በዓለም ላይ በተፈጥሮ አይበቅልም። በደኑ ውስጥ ለማበብ የደረሱት ተክሎች ከአንድ ሺህ እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2018 የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች መካከል መዝግቦታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአንጻሩ ከለንደን እስከ ሲድኒ፣ ከቦን እስከ ቺካጎ በመስታወት ቤቶች ውስጥ ተጠልለው የሚያድጉ በርካታ ተክሎች አሉ። አንዱ ባበበ ቁጥር ባለሙያዎች ሌሊቱን ብሩሽ ይዘው ያዳቅሉታል፤ ከወራት በኋላ ዘሩን ለቅመው ችግኝ ያፈላሉ።

ይህ በእጅ የሚደረግ ማዳቀል ዝርያውን ያተርፈዋል ወይ? ጥያቄው ባጭሩ የሚመለስ ይመስላል። ሆኖም አበባው እንዴት እንደተሠራ፣ በደኑ ውስጥ ማን እንደሚያዳቅለው፣ በመስታወት ቤቶቹ ያሉት ተክሎችም እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚዛመዱ ሳይታይ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ጎደሎ ነው።

ከሱማትራ ወደ ፍሎረንስና ለንደን

ተክሉን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው የፍሎረንሱ ተወላጅ ኦዶአርዶ ቤካሪ ነው። ቤካሪ በ1878 በምዕራብ ሱማትራ ተክሉን ካገኘ በኋላ ዘሩንና ከመሬት በታች ያለውን ግዙፍ ግንዱን ወደ ጣሊያን ላከ። ይህ ክብ ግንድ የእንሰትን አምቾ የሚያስታውስ ስለሆነ እዚህም አምቾ ብንለው ያስኬዳል። ክብደቱ ግን ለማመን ያስቸግራል፤ በ2010 በኤድንብራ ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል የተመዘነው አንድ አምቾ 153.9 ኪሎ ግራም ሆኗል።

ቤካሪ የላካቸው አምቾዎች ማርሴይ ወደብ ላይ ቀሩ። በዚያን ጊዜ የወይን እርሻዎችን ያወድም የነበረውን ተባይ ለመከላከል ፈረንሳይ ሕያው ተክል እንዳይገባ ከልክላ ነበርና። ዘሮቹ ግን ፍሎረንስ ደርሰው በአንድ ባላባት የአትክልት ስፍራ በቀሉ። ከችግኞቹ አንዱ ለንደን ወደሚገኘው የኪው ዕፅዋት ማዕከል ተላከ፤ አሥር ዓመት ያህል ተጠብቆም በሰኔ 1889 አበበ። ከሱማትራ ውጭ የታየ የመጀመሪያው የሬሳ አበባ ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤካሪ የጻፈውን ልኬት ለማመን የተቸገሩ ጥቂት አልነበሩም።

በ1926 ኪው ውስጥ እንደገና ሲያብብ የተሰበሰበውን ሕዝብ ሥርዓት ለማስያዝ ፖሊስ ማሰማራት አስፈልጎ ነበር። በ1937 ተራው የኒውዮርክ የዕፅዋት ማዕከል ሆነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ማዕከሉ የሚገኝበት የብሮንክስ ክፍለ ከተማ ተክሉን ይፋዊ አበባው አድርጎ መረጠው፤ ምርጫውም እስከ 2000 ጸንቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሱማትራ የተሰበሰበ ዘር ለበርካታ የአሜሪካ ማዕከላት ተከፋፍሎ ስለበቀለ፣ ድሮ በትውልድ አንዴ ይታይ የነበረው አበባ ዛሬ በየዓመቱ በተለያዩ ከተሞች ይፈነዳል። ይህ የዘር ክፍፍል ለተክሉ ባለውለታ ነው። በኋላ ለሚነሣው የዝምድና ችግርም አንዱ መነሻ ይኸው መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

አንድ አበባ ወይስ የብዙ አበቦች ስብስብ?

ጋዜጦች «የዓለም ትልቁ አበባ» ይሉታል። አባባሉ ሁለት የተለያዩ ተክሎችን ያደባልቃል። በነጠላ አበባ ትልቅነት የሚመራው ራፍሌዥያ አርኖልዲ ነው፤ እርሱም የሱማትራ ነው፣ እርሱም ይገማል፤ ነገር ግን ቅጠልም ግንድም የሌለው፣ በሌላ ሐረግ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ጥገኛ ተክል ነው። የሬሳ አበባ ግን በሳይንሳዊ ስሙ አሞርፎፋለስ ታይታነም የተባለው ነው፤ በቤተሰብ ከጎደሬ ጋር ይመደባል። ከሦስት ሜትር ሊያልፍ የሚችለው ቁመቱ ደግሞ የአንድ አበባ አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ዘንግ ግርጌ ተሰብስበው የሠሩት ነው። ቅርንጫፍ ከሌላቸው እንዲህ ካሉ የአበባ ስብስቦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ቅርንጫፍ ካላቸው ግን የታሊፖት ዘንባባ እጅግ ይበልጠዋል።

ይህ መለየት ለስም ብቻ አይደለም፤ ማዳቀል የሚቻለውም የማይቻለውም በዚህ አሠራር ነው። ዘንጉን ከታች የሚከበው፣ ከውጭ አረንጓዴ ከውስጥ ጥቁር ቀይ የሆነው ሽፋን ሲከፈት፣ ከግርጌው መጀመሪያ ሴቴ አበቦች፣ ከእነርሱ በላይ ወንዴ አበቦች ተደርድረው ይገኛሉ። ሴቴዎቹ ብናኝ የሚቀበሉት በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ወንዴዎቹ ብናኛቸውን የሚለቁት በማግሥቱ፣ የሴቴዎቹ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ተክሉ በራሱ ብናኝ እንዳይዳቀል ጊዜ ራሱ ይከለክለዋል። ዘር እንዲያፈራ በዚያው ሰሞን ያበበ ሌላ ተክል በአቅራቢያው ሊኖር ይገባል።

አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው። ተክሉ በአብዛኛው ዘመኑ የሚታየው በአንድ ቅጠል ብቻ ነው፤ ያም ቅጠል ስድስት ሜትር ያህል ቆሞ ዛፍ ይመስላል። ቅጠሉ አምቾውን ይመግባል፣ ይደርቃል፣ አምቾው ያርፋል፣ ሌላ ቅጠል ይተካል። ከዘር የበቀለው ተክል የመጀመሪያ አበባውን ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ አንዱ በሁለት ዓመቱ ሲደግም ሌላው ብዙ ዓመት ይቆያል። አበባው የሚቆየው ግን አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሁለት ተክሎች በእነዚህ ጠባብ ሰዓታት መገጣጠማቸው በሰፊና ባልተቆራረጠ ደን ውስጥ እንኳ ዕድል ይጠይቃል።

የዚህ ወገን ተክል ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ በደራሼና በአካባቢው ባጋና በሚል ስም የሚታወቀው፣ አምቾው ተቀቅሎ የሚበላው ተክል አሞርፎፋለስ አቢሲኒከስ ነው፤ መጠኑ ያነሰ ይሁን እንጂ የአበባው አሠራር ያው ነው።

ሙቀቱና ግማቱ ለምን አስፈለገ?

አበባው በተከፈተበት ምሽት ዘንጉ ከአካባቢው አየር በአሥር ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም በላይ ይሞቃል፤ ወደ ሰው ሰውነት ሙቀት ይጠጋል። ግማቱም በዚያው ሰዓት ይበረታል። የተበላሸ ሥጋን፣ የበሰበሰ ጎመንን፣ የከረመ ዓሣን ጠረን የሚሰጡት ድኝ ያለባቸው ውህዶች፣ በተለይ ዳይሜቲል ዳይሰልፋይድና ዳይሜቲል ትራይሰልፋይድ የተባሉት ናቸው። ሌሊቱ ሲገፋ የውህዶቹ ድርሻ ስለሚለዋወጥ በምሽት የሸተተውና ንጋት ላይ የሚሸተው አንድ አይደለም።

ስለ ሙቀቱ ጥቅም ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። የመጀመሪያውና የቆየው፣ ሙቀት ጠረኑን በቶሎ ያተናል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሙቀቱ ራሱ የማታለያው አካል ነው፤ አዲስ የሞተ እንስሳ ገላ ሞቅ ስለሚል ጥምብ ፈልገው የሚመጡ ዝንቦችና ጥንዚዛዎች በሙቀትም ይታለላሉ ይላል። ሦስተኛውን ያቀረቡት በቦን ዩኒቨርሲቲ ዊልሄልም ባርትሎትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2009 ባወጡት ጥናት ዘንጉ አንድ ወጥ ሆኖ እንደማይሞቅ፣ ሙቀቱ በየተወሰነ ጊዜ እየመጣ እንደሚሄድ፣ ጠረኑም ከሙቀቱ ጋር እኩል እንደሚወጣ አሳዩ። በሌሊት በደኑ ወለል ላይ ያለው አየር የረጋ ነው፤ ስለዚህ በእነርሱ አመለካከት የሞቀው አየር ወደ ላይ እየወጣ ጠረኑን ከፍ አድርጎ ይበትነዋል፤ የዘንጉም ርዝመት ለዚሁ ያገለግላል።

ከሦስቱ የመጨረሻው የቁመቱንም ምክንያት አብሮ ስለሚያስረዳ ይበልጥ ያሳምናል። ይሁንና ልኬቱ የተወሰደው በመስታወት ቤት ውስጥ ካበበ ተክል መሆኑ መታሰብ አለበት። ተራርቀው የሚበቅሉ ተክሎች ከሩቅ የሚመጡ ነፍሳትን መጥራት ስላለባቸው እየገዘፉ ሄዱ የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ነው፤ በደኑ ውስጥ ግን ጠረኑ በእርግጥ ስንት ርቀት እንደሚሄድ መለካት ሌላ ሥራ ነው።

የኬሚስትሪው ጎን በቅርቡ በጣም ጠርቷል። በአሜሪካው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ኤሪክ ሻለርና ባልደረቦቻቸው ከሚያብብ ተክል በተለያዩ ሰዓታት ናሙና እየወሰዱ የትኞቹ ጂኖች እንደሚነቁ አጥንተው ውጤቱን በ2024 አሳትመዋል። አበባው ሲከፈት ሙቀት ከማመንጨት ጋር የተያያዙ ጂኖች ተነቅተው ተገኙ፤ የድኝ ውህዶች መነሻ የሆነው ሜቲዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድም ጨምሮ ታየ። ከሞቱ እንስሳት ገላ የሚወጣው ፑትረሲን የተባለ ውህድም ተገኝቷል። ተክሉ ሬሳን የሚመስለው ለአፍንጫችን ብቻ አለመሆኑን፣ ከሬሳ ጋር የሚጋራው ኬሚስትሪ እንዳለ ይህ ያረጋግጣል።

በደኑ ውስጥ አዳቃዩ ማን ነው?

በደኑ ያለው ማስረጃ ከቤተ ሙከራው ይሳሳል። ድሮ ዝሆን ነው የሚያዳቅለው የሚል ግምት ነበር፤ ማስረጃ አላገኘም። ዛሬ በስፋት ተቀባይነት ያለው ጥምብ የሚበሉ ጥንዚዛዎችና የሥጋ ዝንቦች ናቸው የሚለው ነው። ጠረኑ፣ ቀለሙና ሙቀቱ ሁሉም ወደዚያ ያመለክታሉ። የዴቪድ አተንቦሮ የቴሌቪዥን ቡድን ለ1995ቱ ተከታታይ ዝግጅት ሱማትራ ሄዶ ሲቀርጽ ግን ወደ አበባው ሲመጡ የታዩት ትናንሽ ንቦች ነበሩ።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ፦ መጎብኘትና ማዳቀል አንድ አይደሉም። ብናኝ ሊሰበስብ በሁለተኛው ቀን የሚመጣ ንብ በመጀመሪያው ሌሊት ሴቴ አበቦቹ ጋ ካልደረሰ ለተክሉ የሚፈይደው የለም። አዳቃይ ለመባል ነፍሳቱ ከአንዱ አበባ ብናኝ ተሸክመው በሌላው አበባ የመጀመሪያ ሌሊት መድረስ አለባቸው። ይህን ሙሉ ጉዞ በደኑ ውስጥ ተከታትሎ ማሳየት እጅግ ከባድ ነው። ለጥበቃው ግን ወሳኝ ነው፤ አዳቃዩ ደኑ ሲቆራረጥ የሚጠፋ ጥንዚዛ ከሆነ ተክሉን ብቻ አጥሮ ማቆየት ዘር አያስገኝም።

ዘሩን የሚያሰራጨው ማን እንደሆነ ግን በተሻለ ይታወቃል። ዘንጉ ከወደቀ በኋላ የሚቀሩት ደማቅ ቀይ ፍሬዎች በትልልቅ ምንቃራም ወፎች ይበላሉ፤ ዘሩም ሩቅ ቦታ ይጣላል። እነዚህ ወፎች ትልልቅ ዛፎች ስለሚፈልጉ ደኑ ሲመነጠር የዘሩ ስርጭትም ይጎዳል።

ብሩሽ፣ መስኮትና ማቀዝቀዣ

በማዕከላቱ ያለው ሥራ የተፈጥሮውን መሰናክል አንድ በአንድ መዝለል ነው። ሴቴ አበቦቹ በሽፋኑ ጥልቀት ውስጥ ስለሆኑ ባለሙያው በሽፋኑ ግርጌ ትንሽ መስኮት ይቆርጣል፤ በዚያ በኩል እጁን አስገብቶ በመጀመሪያው ሌሊት ሴቴዎቹን በብናኝ ይቀባል። በማግሥቱ ወንዴዎቹ ብናኝ ሲያወርዱ በወረቀት ተቀብሎ ያደርቅና በማቀዝቀዣ ያስቀምጣል። ይህ ብናኝ ለዚያው ተክል አይሆንም፤ በሌላ ከተማ ለሚያብበው ይላካል።

የ2015ቱ የቺካጎ ታሪክ አሠራሩን በሁለት መልኩ ያሳያል። በነሐሴ «ስፓይክ» የተባለው ተክል ለመከፈት አቅም አጥቶ ሲቀር ባለሙያዎቹ ሽፋኑን በቢላዋ ቆርጠው ከፈቱት፤ ብናኙንም ሰበሰቡ። በመስከረም ደግሞ «አሊስ» የተባለችው ሌላ ተክል ሳትጠበቅ አበበች። እርሷ የተዳቀለችው በዚያው ክረምት በዴንቨር ካበበ ተክል በመጣ ብናኝ ሲሆን ፍሬም አፍርታለች። በራስ ብናኝ ማዳቀልም ተሞክሯል፤ በ1999 በካሊፎርኒያው ሀንቲንግተን ማዕከል ካበበው ተክል በልዩ ዘዴ በራሱ ብናኝ አሥር የሚበቅሉ ዘሮች ተገኝተዋል። የተፈጥሮ መከልከያው ፍጹም አለመሆኑን ያየነው በዚህ ነው። ጥሩ ዜና ይሁን መጥፎ ግን የሚወሰነው ቀጥሎ በሚነሣው ነጥብ ነው።

ማዳቀሉ ዋጋም ያስከፍላል። ፍሬ ማብሰል ወራት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ አምቾውን ያደክመዋል። አንዳንድ ማዕከላት ተክላቸውን ለማትረፍ ሲሉ ሳያዳቅሉት የሚያልፉት ለዚህ ነው። አቋማቸው ሊናቅ አይገባም፤ ነገር ግን ዘር ያላፈራ አበባ ለዝርያው ያበረከተው ትንሽ ነው። ብናኙን እንኳ ለሌሎች ማካፈል የሚቻል ሲሆን ዝም ብሎ እንዲረግፍ መተው ያሳዝናል።

ሌላው ነጥብ የዘሩ ባሕርይ ነው። የብዙ ሰብሎች ዘር ደርቆ በዘር ባንክ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። የሬሳ አበባ ዘር ግን ማድረቅን አይችልም። ስለዚህ ዝርያውን ማቆየት የሚቻለው ሕያው ተክሎችን በማሳደግ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ መስታወት ቤት የባንኩ አንድ መደርደሪያ ሆኗል ማለት ነው።

የዘር ሐረጉ

የዚህ ጽሑፍ ከባዱ ጥያቄ በመስታወት ቤቶቹ ያሉት ተክሎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል ይዛመዳሉ የሚለው ነው። በ2025 በቺካጎ የዕፅዋት ማዕከልና በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከ111 ተቋማት የተሰበሰበ መረጃ ይዘው ወደ 1,200 የሚጠጉ ተክሎችን የዘር ሐረግ መረመሩ። ከእነዚህ 24 በመቶው የሌላ ተክል ቅጂ ሆነው ተገኙ፤ በቅጠል ቁራጭ ወይም በአምቾ ክፋይ የተባዙ ናቸው ማለት ነው። 27 በመቶው ደግሞ በቅርብ ከሚዛመዱ ወላጆች የተወለዱ ናቸው። አንድ ተቋም ከተክሉ ያገኛቸው ችግኞች ሁሉ አረንጓዴ ቀለም አልባ ሆነው መብቀላቸውን አሳውቋል። ምግባቸውን የሚሠሩበት አረንጓዴ ነገር ስለሌላቸው እንዲህ ያሉ ችግኞች ማደግ አይችሉም።

በቁጥሮቹ ላይ ያለው ክርክር ሁለት ነው። አንደኛው ወገን ብዛት ይቅደም ይላል፦ ተክሉ ለማበብ ዓመታት የሚፈጅ፣ በድንገት በበሽታ የሚሞት ስለሆነ ቅጂም ቢሆን መኖሩ ከመጥፋት ይሻላል፤ ሕዝብ የሚያየው፣ ገንዘብና ትኩረት የሚስበውም በብዛቱ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ዝምድና የተጫነው ብዛት የሚያታልል ደህንነት ነው ይላል፤ የአካባቢ ለውጥ ወይም አዲስ በሽታ ሲመጣ ሁሉም በአንድነት ይወድቃሉ። ማስረጃው የኋለኞቹን ያግዛል። በመቶኛዎቹ ላይ ሳይቆሙ የጥናቱን ሌላ ግኝት ማየት ይበቃል፦ መዝገቦቹ ራሳቸው ጎደሎ ነበሩ። ተክል ከአንዱ ማዕከል ወደ ሌላው ሲሄድ እናቱ ማን እንደሆነች፣ ብናኙ ከየት እንደመጣ የሚገልጸው ወረቀት ብዙ ጊዜ አብሮ አልሄደም፤ የሄደውም በአንድ ዓይነት ቅርጽ አልተጻፈም።

የአራዊት ማቆያዎች ይህን ችግር ቀድመው ገጥመውታል፤ ለብርቅዬ እንስሳት የዘር መዝገብ ይዘው ማን ከማን እንዲራባ የሚወስኑት በዝምድና ስሌት ነው። የቺካጎው ማዕከል የሚመራው ሥራ ይህንኑ አሠራር ወደ ዕፅዋት ለማምጣት ይጥራል፤ አበባ ሲያብብ የትኛው ማዕከል ያለው ብናኝ ይበልጥ ባዕድ እንደሆነ ታይቶ እንዲላክ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የማዳቀሉ ስኬት በፍሬ ብዛት መለካቱ ማብቃት አለበት። በእጅ የቀረበ ብናኝ ሁሉ ጥሩ ብናኝ አይደለም።

ተክሉና ደኑ

ስለ ዝምድናው መፍትሔ ቢገኝ እንኳ ዋናው ጉዳይ ሱማትራ ላይ ነው። ደኑ ለእንጨትና ለዘንባባ ዘይት እርሻ ተመንጥሯል፤ በደኑ ዳር የሚበቅለው ተክልም ከእርሻ መስፋፋት አያመልጥም። በዚህ ረገድ የኢንዶኔዥያ ራሷ ማዕከላት ሚና ከሚወራላቸው ይበልጣል። በጃቫ ደጋ የሚገኘው የቺቦዳስ ማዕከል ከከሪንቺ ሰብላት ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የመጡ ተክሎችን ያሳድጋል፤ ተክሎቹም በተደጋጋሚ አብበዋል። መነሻቸው በትክክል የሚታወቅ መሆኑ ከምዕራብ ማዕከላት ብዙዎቹ የሌላቸው ሀብት ነው።

በማዕከላት የተወለዱ ችግኞች ወደ ደኑ ይመለሱ ወይስ አይመለሱ የሚለው አሁንም ያከራክራል። የሚደግፉት፣ የዱሩ ቁጥር በጣም ስላነሰ ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል ይላሉ። የሚቃወሙት፣ ወላጁ ያልታወቀ ተክል የዱሩን ዘር እንዳያበላሽ፣ በመስታወት ቤት የተያዘ በሽታም አብሮ እንዳይገባ ይሰጋሉ። ሁለቱም ሥጋቶች ተጨባጭ ናቸው፤ የመጀመሪያውን የሚያቀለው ግን የዘር መዝገቡ ነው። ዘሩ የተወሰደበት አገር በውሳኔው ዋና ድምፅ ሊኖረው ይገባል። ከ1992ቱ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ወዲህ አገሮች በዘር ሀብታቸው ላይ ያላቸው መብት በዓለም አቀፍ ሕግ የታወቀ ነው፤ በ1889 ኪው ላይ ያበበውን ችግኝ የሚመለከት እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። ዛሬ በቺካጎ ወይም በቦን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ብናኝ የማን እንደሆነ፣ ከሱማትራ ተክል ጋር እንዲዳቀል ቢፈለግ ፈቃዱን ማን እንደሚሰጥና የተወለደው ችግኝ በየትኛው መዝገብ እንደሚገባ ማዕከላቱና ኢንዶኔዥያ ገና በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሚወስኑት ነው።